ምርቃት የሚቀበል ሰው

ሠርጓ ሲቃረብ ኢፍቱ አያቷን እትዬ ጌጤን፣ «አኮ፣ ስሸኝ በኦሮምኛ ነው የምትመርቂኝ» አለቻቸው። «አኮ»፣ አያቴ፣ የምትለውን ከልጅነቷ ይዛ ቀረች እንጂ፣ ሌላውን ኦሮምኛ ትሰማለች፤ አትመልስም።

እትዬ ጌጤ ሳቅ አሉና ላማቸውን ሊያልቡ ወደ ጓሮ ወጡ። በአገራቸው ወግ ምርቃት የሁለት ሰው ነው። አንዱ ይመርቃል፤ ሌላው «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ እያለ ይቀበላል። ባላቸው ቶለሳ በሕይወት ሳለ፣ ላሚቱን እንኳ ሲመርቁ ከቤት ውስጥ ሆኖ ይቀበላቸው ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ እንደ ሰፈራቸው እንደ ቁስቋም ሰው ሁሉ በአማርኛ ይመርቃሉ።

«ምነው እትዬ ጌጤ፣ የሠርግ ቤት ሆኖ ፊትዎ ጠቆረ?» አለ ጎረቤታቸው አጥናፉ በአጥሩ ላይ። አጥናፉ በአብዮቱ ጊዜ የቀበሌው መሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበር። ፊደል ያስቆጠራቸው እሱ ነው። ዛሬ ሽበት ቢወርሰውም «ጓድ» ይሉታል።

ነገሩት። ዓይኑ በራ።

«ታዲያ መብትዎ አይደል! የጭቁን ሕዝብ ሁሉ ቋንቋ እኩል ነው እያልኩ ስንት ዘመን አስተማርኩ!»

«አስተምረሃል፤ ያውም በአማርኛ።»

አጥናፉ ከት ብሎ ሳቀ።

«መብቱንማ አገኘን፣ ጓድ» አሉ እትዬ ጌጤ ዝግ ብለው። «ይኸው በአገሬ ትምህርት ቤቱም በኦሮምኛ ያስተምራል። እኔን ማን ይቀበለኝ? ያልተቀበሉት ምርቃት መሬት ይወድቃል። የኢፍቱዬ እንዲወድቅ አልፈልግም።»

አጥናፉ የአጥሩን እንጨት በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

«መደብ ሲጠፋ ቋንቋ ሁሉ በራሱ እኩል ይሆናል ብለን ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ። «በቃ፣ እኔ እቀበልዎታለሁ። ያስተምሩኝ።»

«ድምፄ ዝቅ እስኪል ጠብቅና ሃ ታኡ በል። አትቸኩል።»

በሠርጉ ዕለት ኢፍቱ ድንኳኑ ውስጥ ተንበርክካ የአያቷን ጉልበት ሳመች። እትዬ ጌጤ እርጥብ ሰርዶ ጨብጠው ጀመሩ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «ሃ ታኡ!» አለ አጥናፉ፣ መፈክር እንደሚያሰማ ሰው። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። የኢፍቱም ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

እትዬ ጌጤ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ቀጠሉ። አሁን አጥናፉ ታገሠ፤ ድምፃቸው ዝቅ ሲል ቀስ ብሎ ተቀበለ። በሦስተኛው ላይ የሙሽራው እናት የዓለምወርቅ «አሜን» አሉ፤ ዘመዶቻቸውም ተከተሉ። ከእትዬ ጌጤ ጉልበት ሥር ደግሞ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ሃ ታኡ።»

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! ሙሽሮቹን ጨርሰው ደጁን መረቁ፤ ላሚቱን መረቁ። የሙሽሮቹ መኪና ጡሩንባውን ቢነፋም አልሰሙም። በመጨረሻ ሰርዷቸውን ወደ አጥናፉ አዙረው ረጅም ነገር ተናገሩ። እሱ የሰማው ስሙን ብቻ ነው።

ድምፃቸው ዝቅ እስኪል ጠበቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀበለ።