ለብሎን ምርቃት የለም

አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር አጠገብ ያለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የታዘዝኩት የአንድ ጭነት መኪና ጎማ እንዳስር ነበር። ቶርክ ሬንች የሚባለውን የማጥበቂያ ቁልፍ የሰጡኝ ዋናው መካኒክ ናቸው። ቁልፉን ከቴክኒክ ትምህርት ቤት አውቀዋለሁ። ብሎኑ የሚፈልገውን ልክ እጀታው ላይ ትሞላለህ፣ ትስባለህ፣ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ይላል፣ ታቆማለህ። አለቀ።

ሳብኩ፤ ቀጭ አለ፤ አቆምኩ። የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ተካ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር።

"ምነው ሰሰትክ?" አሉኝ።

"ቀጭ ብሏል ጋሼ፤ በቃው።"

"ቀጭማ ልኩ ነው። ምርቃቱስ?"

ቁልፉን ከእጄ ወሰዱና እያንዳንዱን ዳዶ በሙሉ ክብደታቸው አንድ አንድ ጊዜ ደገሙት። "እንዲህ ነው የሚመረቅለት" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አዲስ ነኛ።

ጋሼ ተካ ጋራዥ ከመክፈታቸው በፊት እህል ተራ ምስር ይሸጡ ነበር። መርካቶ ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ምርቃት ተብሎ እፍኝ ካልተጨመረልህ ሰውየው ንፉግ ነው። ለምስር ጥሩ ነገር ነው፤ ምስር አይበጠስም። ብሎን ግን ይሳሳል፣ ጥርሱ ይበላል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥሎህ ይሄዳል። ይህን ለሳቸው ለማስረዳት ስንት ዓመት እንደለፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። "ጠበቀ እንጂ ላላ? ምን ያነጫንጭሃል?" ይሉኛል። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከረዳትነት መካኒክ ሆንኩ፣ ቆይቼም የሞተር ክፍሉን ያዝኩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፦ ትንሿን ቶርክ ሬንች ይግዙልን። ያለን ትልቁ ብቻ ነበር፣ ቁጥሩ ከአርባ ይጀምራል። ለጎማ ይሆናል። ሞተር ውስጥ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ግን የሚፈልጉት አሥራ አምስት ነው።

"ጋሼ፣ ቅርንፉድ በኩንታል ሚዛን ይመዘናል?" አልኳቸው፣ በሚያውቁት ንግድ ልግባባቸው ብዬ።

"ቶርክ ቶርክ ነው" አሉ። "አንድ አለህ፣ በሱ ሥራ።"

እንዲህ እያለን ከድር መጣ። ከድር የሚኒባስ ሹፌር ነው። መኪናዋ የራሱ ናት፤ ከሷ ሌላ የሚያበላው ነገር የለም። ሞተሩን ፈተን ሠራን፣ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን መለስን፣ ካምሻፍት የሚባለውን ዘንግ የሚይዙት ትንንሽ ብሎኖች ብቻ ቀሩ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ጉልበት አይወድም።

"ጎረቤት ጋራዥ ትንሿ አለች፣ ልዋስ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም" አልኩ።

"እኔ ከነሱ ዕቃ ልለምን? ሞቼ ነው። ትልቁን ከአርባ በታች አውርደውና ሳብ።"

አወረድኩት። ከአርባ በታች ቁጥር የለም፤ ዝም ብሎ ብረት ነው። ሳብኩ፤ ምንም ድምፅ የለም።

"አይጮህም ጋሼ።"

"ካልጮኸ ገና ነው። መርቅለት።"

እንደማይሆን አውቃለሁ። ክርክር ሰለቸኝ፣ ሳብኩ። ብሎኑ ድንገት ለሰለሰ። የቴስታታው ጥርስ እንደተበላ እጄ ከዓይኔ በፊት አወቀ።

ጋሼ ተካ ጎንበስ ብለው "ማስቲሽ ቀባ ቀባ አድርግና ክደነው፣ ይሄዳል" አሉኝ በሹክሹክታ። እንዴት እንደተናደድኩ። ቁልፉን ወርውሬ ወጣሁ። ከድር ውጭ የሚኒባሷን መስታወት ይወለውላል። ሁሉንም ነገርኩት፦ ቁልፉ የሥራው እንዳልሆነ፣ ጋሼ ሳብ እንዳሉኝ፣ ክደነው እንዳሉኝ።

አልጮኸብኝም። "ማነው የሳበው?" አለ።

"እኔ።"

"እንደማይሆን እያወቅክ?"

"እያወቅኩ።"

"ታዲያ ጋሼ ተካን ምን ታሳየኛለህ? እጁ ያንተ።"

እውነት ተናገርኩ ብዬ ምስጋና ጠብቄ ነበር መሰለኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ጋሼ ተካማ ጋሼ ተካ ናቸው።

ቴስታታው ጥርሱ እንዲወጣለት ቶርኖ ቤት ገባ፣ ሚኒባሷ ሁለት ሳምንት ቆመች። በነዚያ ቀናት ከድርን በሰው ታክሲ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!" እያለ ሲጣራ አየሁት። ራሱ ባለመኪና የሆነው ሰውዬ የሰው ረዳት ሆኖ። አየኝና ፊቱን አዞረ። በዚያው ወር ጋራዡን ለቀቅኩ።

አሁን ጭድ ተራ በኩል የራሴ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ከመክፈቴ በፊት የገዛሁት ዕቃ ትንሿ ቶርክ ሬንች ናት። አምና አንድ ጠዋት ከድር በዚያችው ሚኒባስ ከች አለ። ጸጉሩ ሸብቷል። ሰላምታ አላበዛም።

"ትንሿ አለችህ?"

ከሳጥኗ አውጥቼ አሳየሁት። ተቀብሎ ቁጥሯን አነበበ፣ መለሰልኝ፣ ከትከሻዬ ኋላ ቆመ። ሞተሩን ስገጥም አንዱንም ብሎን ሳያይ አላለፈም። የመጨረሻው ቀጭ ሲል እጄ ገና ከእጀታው አልተነሳም ነበር፤ ክንዴን ያዘኝ።

"በቃ። እንዳትመርቅልኝ።"

"አልመርቅም" አልኩት።

ለትንሽ ብሎን ትንሿን ያዙ። ትንሿ ከሌለች አትሳቡ። ሳብ ያላችሁ ማንም ይሁን ማን፣ የሳበው እጅ የእናንተ ነው።