ወርዋሪዋም ትምታ

በቡድናችን ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም የለንደን ልጆች ናቸው። እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛቸው አልፎ አልፎ የሚደናቀፍ፣ አክብሮታቸው ግን ለጉድ ነው። ያቃጠለኝም እሱ አክብሮታቸው ነው።

እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁ። ልጄ እሁድ እሁድ ስቶክዌል አጠገብ ካለው ሜዳ ቤዝቦል ትጫወታለች። ቀላቢ ናት፤ ዱላ ከያዘው መቺ ኋላ ቁጢጥ ብላ፣ ወርዋሪው የሚልከውን ኳስ በትልቅ ጓንት ትቀበላለች። አንድ ቀን የአውቶብስ ፈረቃዬን ጨርሼ ላያት ሄድኩ። ኳሱ ተንከባሎ እግሬ ሥር መጣ፤ አንስቼ መለስኩላት። ተማሪ ሳለሁ እጅ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ፣ ክንዴ ደግሞ ነገር አይረሳም። ኳሱ ጓንቷ ውስጥ ጧ! ብሎ ገባ። አሰልጣኙ፣ ካምደን ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ጎረምሳ፣ እየሮጠ መጣና "እትዬ፣ እርስዎ እኮ ፒቸር ነዎት!" አለኝ። ፒቸር እኔ የማውቀው የውሃ ማንቆርቆሪያውን ነው። ሰደበኝ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ኳስ ወርዋሪ ማለት መሆኑን ሲያስረዳኝ ሳቅኩ፤ በሳምንቱም ወርዋሪ ሆንኩ። እናንተ፣ ምን እላችኋለሁ! ሙሉ ሳምንት መሪ ጨብጬ፣ "ደወሉን ተጭኜ ለምን አላቆምሽም" የሚለኝን ሁሉ ችዬ ስኖር፣ እሁድ ሲመጣ ያንን ሁሉ በክንዴ እተነፍሰው ጀመር። ጎረምሶቹ ዱላቸውን አየር ላይ እያወዛወዙ ኳሴ ሽው ብሎ ያልፋቸዋል። ደስታው እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ግን እኔም መምታት አማረኝ። እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ የተነሳው።

ደንቡ ለቡድኑ የተተወ ነው፤ ወርዋሪው ራሱ ይመታል፣ ካልሆነም በእሱ ቦታ ምትክ መቺ ይቆማል። አሰልጣኙ ለእኔ ምትክ አቆመልኝ። ተራዬ በደረሰ ቁጥር ሁሉም ብድግ ይሉና "እርስዎ ይቀመጡ፣ እርስዎ ይረፉ" ይሉኛል። ለቅሶ ቤት የመጣሁ ይመስል ወንበር ያቀርቡልኛል።

"የእኔ ልጅ፣ ማን ደከመኝ አለህ?" አልኩት።

"ኖ፣ እትዬ፣ ደክመው አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ስንት ዘመን ተከራክረው፣ አሁን ወርዋሪ አይምታ ብለዋል። እጅዎን ፕሮቴክት ማድረግ አለብን።"

"አሜሪካኖቹ የራሳቸው ጉዳይ! እኔ ሰው ላይ እየወረወርኩ፣ የሚወረወርብኝ ሲመጣ ወንበር ላይ ልቀመጥ? ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ድብደባ?"

ይባስ ብሎ ልጄ ከእሱ ጋር ወገነች። ወደ ቤት ስንመለስ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል እስክንደርስ በአውቶብሱ ላይ ስንጨቃጨቅ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል።

"እማዬ፣ ኳሱ ጣትሽን ቢሰብረውስ? በምን ልትነጂ ነው? ሪስኩን ቼክ አድርጊው እስቲ!"

"እኔ የምወረውርባቸው ልጆች ጣት የላቸውም?"

"እነሱ አንቺን አይደሉማ!" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዓይኗ እንባ አቅሮ ነበር። የዚያን ጊዜ ገባኝ፤ ፈርታልኝ ነው እንጂ ንቃኝ አይደለም። ግን እልኼም አልበረደም።

በሚቀጥለው እሁድ አሰልጣኙን ለብቻው ይዤ ተስማማን። አንድ ጊዜ ብቻ እመታለሁ። ከመታሁ፣ ከዚያ ወዲህ ተራዬን ማንም አይወስድብኝ። ከሳትኩ ደግሞ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሁለተኛ ስለ ዱላ አፌን አልከፍትም። ልጄ ሰምታ የራስ ቆቤን አጠበቀችልኝ።

ቆምኩ። ዱላው ከጠበቅኩት በላይ ከበደኝ። የሌላው ቡድን ወርዋሪ ቀጭን ረዥም ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው ኳስ ሲያልፍ ድምፁን እንጂ እሱን አላየሁትም። ሁለተኛውን ሰነዘርኩ፣ ዱላው አሽከርክሮኝ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሦስት ኳስ ያመለጠው መቺ ይወጣል፤ አንድ ብቻ ቀረኝ። ወንበሩ በዓይኔ መጣብኝ።

ይሄኔ አሰልጣኙ አላስችል ብሎት፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ባለ በሌለ ድምፁ፣ ደግሞም አክብሮቱን ሳያጓድል፣ "እትዬ! ይሙቱ! እባክዎ ይሙቱ!" ብሎ ጮኸ።

ይምቱ ማለቱ ነው። ሌሎቹም ልክ መስሏቸው ተቀበሉት፤ "ይሙቱ! ይሙቱ!" እያሉ እያጨበጨቡ ሜዳውን አናወጡት። ልጄ ብቻ ራሷን ይዛ "ይምቱ ነው! ይምቱ ነው የሚባለው!" ብትል ማን ይስማት። እንደዚህ ተከብሬ ሙቺ ተብዬ አላውቅም! ሳቅ ከሆዴ ፈንቅሎ ወጣ፣ ትከሻዬ ላላ፣ ኳሱ ሲመጣ እየሳቅኩ ሰነዘርኩ።

ጠጣር ነገር መዳፌን ነዘረኝ። ኳሱ በወርዋሪው ጎን ሾልኮ ሣሩ ላይ ሲፈተለክ አየሁት፤ ዱላውን ጥዬ በረርኩ። ቤዝ የሚሉትን የመጀመሪያውን የሯጭ ማረፊያ ስረግጥ ከኳሱ በትንሽ ቀድሜያለሁ። ዳኛው ሁለት ክንዱን ወደ ጎን ዘረጋ፤ ገብታለች ማለት ነው! እልል አልኩ፣ እዚያው ቤዙ ላይ፣ ብቻዬን!

ሳልጨርሰው አንድ ጎረምሳ እየሮጠ መጣ።

"እትዬ፣ አሁን እርስዎ ይረፉ፣ እኔ ልሩጥልዎ።"

"ሂድ ወዲያ! የመታሁት እኔ፣ የምሮጠውም እኔ!"

አሰልጣኙ ሊከራከር አፉን ሲከፍት፣ ዱላውን ያነሳችው ልጄ "ተዋት!" አለችው፤ ቀጣይዋ መቺ እሷ ነበረች። የመጣላትን የመጀመሪያ ኳስ ከሁሉም ራስ በላይ ሰደደችው። እኔም ወደ ሁለተኛው ቤዝ ተፈተለክሁ። በቤዝቦል የኋላው ሯጭ የፊተኛውን መቅደም አይችልም፤ እኔ ከዘገየሁ እሷም መዘግየቷ ነው። ሁለተኛውን አልፌ ወደ ሦስተኛው ስታጠፍ የእግሯን ኮቴ ከኋላዬ ሰማሁት። እረፊ አላለችኝም።

"እማዬ ፍጠኚ! ደረስኩብሽ!"