ያስቀደምኩት ሩብ ሰዓት

ለእናቴ አልነገርኩም፤ ላገባኝ ሰው አልነገርኩም። ለእናንተ የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ነው መሰል። የአጎቴን የሰይድን ሰዓት ያስቀደምኩት እኔ ነኝ።

አጎቴ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ያኔ በሰፈራችን ዲጂታል ሰዓት ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጥቁር ነው፤ አራት ቁልፍ አለው፤ አንዷን ሲጫኗት አረንጓዴ መብራት ይበራል። ማሰሪያው ቢበጠስ በሰማያዊ የመረብ ክር ራሳቸው ሰፉት። እሳቸው እንዲህ ነበሩ፤ የነኩት ነገር ሁሉ ይጸናል። ሰዓቱ እንዴት እንደሚስተካከል ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ መርጠው ያስተማሩት እኔን ነው።

የመስጊዱ አዛን እኛ ዘንድ አይሰማም ነበርና፣ በረመዳን ጎረቤቱ በሙሉ የሚያፈጥረው በእሳቸው ሰዓት ነበር። እሳቸው "ደረሰ" ካላሉ ተምር የሚያነሳ የለም።

ልጅ ሳለሁ፣ ረመዳን በበልግ በዋለበት ዓመት፣ አንድ ቀን ደመናው ፀሐይዋን ሸፍኗት ዋለ። የመጀመሪያ ጾሜ ነው። ሙሉ ቀን እጾማለሁ ብዬ ለሰፈሩ ለፍፌአለሁ፤ ጉሮሮዬ ግን ደርቋል። አጎቴ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ሰዓቱን አውልቀው ድንጋይ ላይ አኖሩት። አነሳሁት። ሩብ ሰዓት አስቀደምኩት። ረሃብ ነው ልበል? ልጅነት ነው ልበል? የትኛዋን ቁልፍ ስንቴ እንደምጫን አሳምሬ አውቅ ነበር።

"ደረሰ፤ ቢስሚላህ በሉ" አሉ። ሁሉም ቀመሰ። ወዲያው ደመናው ተገለጠና ፀሐይ ገና ከተራራው በላይ ታየች። አጎቴ ተምሩን ከአፋቸው አወጡና፣ "ሰዓቱ ጥፋት የለበትም፤ እጄ ነክቶት ነው። አፉ በሉኝ" አሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ውሃ እጠጣ ነበር።

የዚያን ቀን ጾም ሁሉም ከኢድ በኋላ ሌላ ቀን ጾሞ ቀዷ አወጣ። ጎረቤቱ ከማግስቱ ጀምሮ አዛን የሚሰማ ሰው ወደ መስጊድ ይልክ ጀመር። አጎቴ ሰዓቱን ውጫሌ ላለ ዘመዳቸው ሰጡት፤ ማንንም ሳይወቅሱ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያጠቁሩ መረባቸውን ይዘው ኖሩ። እኔ ይህን የሠራሁት እንዲህ ባለ ሰው ላይ ነው።

ካደግሁ በኋላ ሰዓቱን ፍለጋ ውጫሌ ተመላለስኩ። ዘመድየው ለልጁ፣ ልጁ ለሰዓት ሠሪ አሳልፎት ኖሮ፣ ከሰዓት ሠሪው ቆርቆሮ ውስጥ አገኘሁት። ያወቅሁት በሰማያዊው ክር ነው፤ አንዲት ስፌት አልተፈታችም። ባትሪ ሲገባለት ነቃ። ሰዓቱን ብመልስ ወንጀሌም አብሮ የሚሄድልኝ መስሎኝ ነበር።

አጎቴ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ክሩን በጣታቸው ዳብሰው አወቁትና ከልባቸው ሳቁ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እሳቸው ግን ሰዓቱን መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩት።

"አንቺው አስተካክይልኝ ልጄ፤ የኔ እጅ አይታመንም" አሉኝ።

አስተካከልኩት። አሰርኩላቸው። አልተናገርኩም። ያኔስ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንስ ምን ልበል? እናንተን አፉ በሉኝ አልላችሁም። አፉ ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸው፣ እስከ ዛሬ ረመዳን በገባ ቁጥር ጎረቤቱን እየዞሩ አፉ በሉኝ ይላሉ።