አማቴ የተሸከሙት ድንጋይ

ጀልባ መግዛቴን ያልሰማ የአትላንታ አበሻ የለም። ያገለገለች፣ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ ጀልባ ናት፤ ጡረታ ከወጣ ፈረንጅ ነው የገዛኋት። ከአትላንታ ወጣ ብሎ ኖርክሮስ ያለው ቤታችን ደጅ ከነተጎታች ጋሪዋ ፓርክ ሳደርጋት ጎረቤቶቼ ጉዳያቸውም አልነበረ። ጉድ ያሉት የኛዎቹ ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ "ኖኅ መጣ!" ይሉኝ ጀመር። አንዱማ "ዝናቡ መቼ ነው ታዲያ?" አለኝ። "መቼም ይሁን፣ አንተን አላሳፍርም" አልኩት። ሰው ሲስቅ አብሬ ሳቅኩ፣ ውስጤ ግን እርር ብሏል። እንዲህ ነኝ እኔ፣ ቶሎ ነው የምግለው። ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ማናጀር ሆኜ ስሠራ ትኬት ጠፋብኝ ከሚል ሰው ጋር ሳልጨቃጨቅ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራዎቹ አጋማሽ ላይ መሆኑ ነው፣ የባለቤቴ አባት ከአዲስ አበባ መጡ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስምንት ወሯ ነበር። እናቷ በሕይወት የሉም። ስትወልድ ከቤተሰቧ አንድ ሰው እንኳ አጠገቧ እንዲኖር ትመኝ ነበርና፣ ስንት ተለምኖ፣ ስንት ወረቀት ተልኮ፣ አባቷ ቪዛ አገኙ። ኤርፖርት ስታያቸው ያለቀሰችውን ልቅሶ አልረሳውም።

አማቴ በሰፈራቸው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በውርስ ሲካሰሱ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሙሉ ልብስ ሳይለብሱ ከቤት አይወጡም፤ ከዘራቸውም ከእጃቸው አይለይም። ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት "ታንኪው"ን ብቻ ነው። በመጡ በነጋታው ጀልባዋን ዞረው ዞረው አዩዋትና ጎኗን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ።

"ይቺ ደግሞ የት ታደርሳለች?" አሉ።

ክፋት አልነበረበትም። ሰውየው መጠየቃቸው ነው። እኔ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሳቅ ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ።

"ሌላ አገር ታደርሳለች፣ አባባ" አልኳቸው።

እንደዋዛ ያልኳት ነገር ቃል ሆና ቀረች። ከፍሎሪዳ ዳርቻ በጠዋት ተነስተው ባሕሩን አቋርጠው የሌላ አገር የሆነች ትንሽዬ ደሴት ላይ ምሳ በልተው የሚመለሱ ጀልበኞች እንዳሉ ሰምቻለሁ። አማቴን ወስጄ ላሳያቸው ቆረጥኩ። ባለቤቴ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

"አባቴን ከአሜሪካ ልታስወጣው ነው? ሲመለስ ቢከለክሉትስ?"

"ቪዛው እኮ ደጋግሞ ያስገባል።"

"እሱን አውቃለሁ። በሩ ላይ ያለው ሰውዬ ግን እምቢ ማለት ይችላል። ብቻዬን ነው የምወልደው እንግዲህ?"

"አንቺ ደግሞ! ጠይቄያለሁ አልኩሽ።"

መጠየቁንስ ጠይቄያለሁ። የጠየቅኩት ግን የደሴቲቱን መንግሥት አይደለም። የአበሻ ሱቅ በር ላይ ቆመው ወሬ የሚሰልቁትን ሰዎች ነው። "የአሜሪካ ቪዛ ካላቸው ማን ይነካቸዋል!" አሉኝ፣ በቃኝ። እኛ መቼ ዌብሳይት እናምናለን? የምናምነው "የአክስቴ ልጅ ሄዶ ነበር" የሚለውን ሰው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፣ እንደዚያው ሆነ።

ጀልባዋን በትራኬ ጎትቼ ፍሎሪዳ ወረድን። በማግስቱ ማለዳ ሌሎች ጀልባዎችን ከኋላ ተከትዬ ባሕሩን ያዝኩት። አማቴ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸው ላይ ብርቱካናማውን የሕይወት አድን ጃኬት ደርበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ዳዊታቸውን በቃላቸው እየደገሙ ተሻገሩ። ደሴቲቱ ስትታይ ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ ሳይ ጀልባዋ ለእኔ የመርከብ ያህል ሆነች።

ወደቡ ላይ ቢጫ ባንዲራ ሰቀልኩ። "ገና አልተፈቀደልንም" ማለት ነው። እስኪፈቀድ ድረስ ከጀልባ መውረድ የሚችለው ካፒቴኑ ብቻ ነው። ይህን እንኳ አውቅ ነበር።

"አባባ፣ እርስዎ እዚሁ ይቀመጡ። እኔ ወረቀቱን ጨርሼ መጣሁ።"

"ሰው አገር ገብቶ ሰላም ሳይሉ?" አሉ፣ ቅር እያላቸው።

"ሕጉ ነው። አሁን እመለሳለሁ።"

ቢሮው ከወደቡ ጫፍ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ውስጥ ያለው ኦፊሰር ለግላጋ ወጣት ነበር፤ እኔ ታላቅ ወንድሙ እሆናለሁ። ፎርም ሰጠኝ፣ ሞላሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ስለሞላሁት በጥቁር ድገመው አለኝ፣ ደገምኩ። የጀልባዋን ስም ጠየቀኝ። ስም የላትም አልኩት። "ስም የሌላት ጀልባ አይመዘገብም" ብሎ ወደ ሌላ መስኮት ላከኝ፤ ሌላው መስኮት ዝግ ነው። ጠበቅኩ። ሲከፈት ደግሞ ወደ መጀመሪያው መለሱኝ። ከደጅ ፀሐዩ ይፋጃል፣ አማቴ እዚያ ሙሉ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ሁለቱን ፓስፖርቶች ገለጠ። የእኔን አሜሪካዊ አየና ወዲያ አደረገው። የእሳቸውን ገልጦ ገልጦ፣

"የእኛ ቪዛ የላቸውም" አለ።

"የአሜሪካ ቪዛ አላቸው።"

"ይሄ አሜሪካ አይደለም።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ምን ነበረበት? ልጁ እውነቱን ነው የተናገረው። እኔ ግን ጠረጴዛውን ደበደብኩት። "የአሜሪካ ሲቲዝን ነኝ! ታክስ ከፋይ ነኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ለእነሱ መቼ ከፍዬ አውቃለሁ? ደግሞም ብሶ "ይቺን ቁራሽ መሬት ይዛችሁ ነው እንዲህ የምትኮሩት?" አልኩት። አሁን ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። ከእኔ አገር ከመጣም ሆነ የእኔን ሥራ ከሚሠራ ሰው የሚጠበቅ ንግግር አይደለም። ሰው ድሃ አገር ናችሁ ሲለን ስንት ጊዜ የተንገበገብኩ ሰው ነኝ እኮ!

ልጁ ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። "ውጣና ግድግዳው ጋ ቁም" አለኝ። ወጥቼም አፌ አልተዘጋም። እሱ በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ፣ እኔ እጄን እያወራጨሁ፣ ማናጀር ይጠራልኝ እላለሁ። እዚያም ማናጀር!

ለካ አማቴ ከጀልባው ሆነው ሁሉንም ያዩ ነበር። ቋንቋው ባይገባቸውም ግድግዳ ጋ የቆመ ሰውና ተቆጥቶ የሚያየው ሹም ምን ማለት እንደሆነ ለእሳቸው ማስረዳት አያስፈልግም። ዘወር ስል ከጀልባው ወርደዋል። ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ከወደቡ ጠርዝ፣ ማዕበሉን ለመገደብ ከተደረደረው ድንጋይ መሐል ከበድ ያለ አንዱን አነሱ። በሁለት እጃቸው ማጅራታቸው ላይ ጫኑትና ጎንበስ ብለው ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ።

ጥፋተኛ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት እንደሚቀርብ ማንም ያገሬ ሰው ያውቃል። የደሴቲቱ ልጅ ከየት ይወቀው? እሱ ያየው፣ ሳይፈቀድለት የወረደ ሽማግሌ ድንጋይ አንስቶ ሲመጣበት ነው። ወደ ኋላ ዘለለ። ሬዲዮኑን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ፤ ከጎረቤት ቢሮ ሁለት ሰዎች እየሮጡ ወጡ። ሁሉም አንድ ላይ ይጮኻሉ፣ በእጃቸው ወደ መሬት ወደ መሬት ያመለክታሉ።

"አባባ፣ ኧረ በእግዚአብሔር! ጣሉት!" አልኩ።

"አንተ ዝም በል" አሉኝ።

ዝም አልኩ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ። አንገታቸው ከድንጋዩ ክብደት የተነሳ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጥቁሩ ኮታቸው ላይ አሸዋ ይወርዳል። ሰዎቹ "አውርድ" እያሉ እንደሚያመለክቱ ካዩ በኋላ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት፣ ደረታቸውን ይዘው እጅ ነሱ፣ "ታንኪው" አሉ። እኔ ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ! የሚስቴ አባት፣ ስንቱን ያስታረቁ ሰውዬ፣ በእኔ ብልግና ጎብጠው!

"ምን እያደረገ ነው?" አለኝ ልጁ፣ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም።

"ይቅርታ እየጠየቁህ ነው።"

"ስለ ምን?"

"ስለ እኔ" አልኩት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ልጁ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። ከዚያ ገብቶ ለእሳቸው ቀዝቃዛ ውኃ ይዞ መጣ፤ ከውኃው ጋር ደግሞ እንዳይገቡ መከልከላቸውን የሚገልጽ ወረቀት። ሕጉ ነዋ። የድንጋዩን ነገር አልጻፈውም። ያንን ቢጽፈው ኖሮ ምን ይበጀን እንደነበር እንጃ። ወዲያው ውጡ ተባልንና ምሳ ሳንበላ፣ ከወደቡ ሳናልፍ ተመለስን።

ባሕሩ ላይ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሜሪካ አላስገባም ብትላቸውስ? ባለቤቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ፍሎሪዳ ደርሰን፣ እንደ ደንቡ፣ መግባታችንን ከጀልባው ላይ በስልክ አሳወቅኩ። ሽማግሌውን ይዘህ ኤርፖርት ያለው ቢሮ በአካል ቅረብ አሉኝ። ቀረብን። እዚያ ያለችው ኦፊሰር መጀመሪያ የጠየቀችው የፈራሁትን ነው፤ ሌላ አገር እንዳይገቡ ተከልክለው ያውቃሉ? ተረጎምኩላቸው።

"ዛሬ ጠዋት በላታ" አሉ፣ ያለ ምንም ሐሳብ።

ፓስፖርቱን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ቆየች። ተመልሳ ያንኑ ጥያቄ ደግማ ጠየቀች፣ ያንኑ መለስን፣ ደግማ ገባች። ከእኛ በኋላ የመጡ ሰዎች እየጨረሱ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩ። "ስንት ጊዜ ነው አንድ ነገር..." ማለት ስጀምር ከጎኔ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። አማቴ ሊነሱ ነው። ዓይናቸው ወለሉን ይቃኛል፣ ከወንበሩ ሥር ያያል፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ያለ የአበባ ማሰሮ ላይ ሄዶ ቆመ። ማሰሮው ውስጥ ለጌጥ የተደረጉ ድንጋዮች አሉ።

ተቀመጥኩ። አፌን ዘጋሁ። ኦፊሰሯ ምን ልል እንደነበር ጠየቀችኝ፣ "ምንም፣ እንጠብቃለን" አልኩ። ጠበቅን። በመጨረሻ ፓስፖርታቸው ላይ ማኅተሙ ሲያርፍ ሰማሁ።

ኖርክሮስ ስንደርስ ባለቤቴ በሩ ላይ ነበረች። አባቷን አቅፋ ሳመች፣ ኮታቸው ላይ የቀረውን አሸዋ አራገፈች። ከዚያ ወደ እኔ እያየች፣

"አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከሰው ተጣልቶ አሳፍሮሃል?" አለች።

"ማ? እሱ? የለም፣ ዝምተኛ ነው" አሉ።

ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ ጀልባዋን ከትራኩ ልፈታ ሄድኩ።

ልጃችን ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ሲወለድ አማቴ ደጁ ላይ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ሲጠሩን አብረን ገባን፤ ባለቤቴ ደክሟት ትስቃለች። ሕፃኑን ለእሳቸው ሰጧቸው፣ መረቁት። ባለቤቴ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ለሳምንታት ይዤው የከረምኩትን አወጣሁት።

"አባባ፣ የዚያን ቀን... ያ ልጅ እኮ ነገሩ አልገባውም ነበር። ድንጋዩን ለጠብ ያነሱት ነበር የመሰለው። በከንቱ ነው ያን ሁሉ የተሸከሙት። በእኔ ምክንያት። ይቅር ይበሉኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"እሱ እንደማይገባውማ ፊቱን አይቼ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ተሸከሙት?"

"ለአንተ ነዋ። ለእሱ መሰለህ? ስትጮህ ሰማሁ፣ እንግዲህ ይቺን ልጄን ብቻዋን ልታስወልዳት ነው አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ሲያይ ግን ዝም የማይል ያገሬ ልጅ የለም።"

ሕፃኑ እጃቸው ላይ ተነጫነጨ፣ ከዚያም ማልቀስ ጀመረ። እሹሩሩ አሉት፣ እምቢ አለ። ወደ እኔ ዘረጉት።

"በል እንካ፣ ያዝ" አሉኝ። "ከአንገቱ ሥር ደገፍ አድርገው። አትጩህበት።"