በቃል የወጣ መጽሐፍ

ያልገባውን ነገር በቃሉ የሚይዝ ሰው ዕውቀትን አላገኘም፤ የዕውቀትን ልብስ ተዋሰ እንጂ። ልብሱ ያምርበት ይሆናል፤ ሰውም ያጨበጭብለት ይሆናል፤ አንድ ጥያቄ የመጣ ዕለት ግን ዕርቃኑን ይቀራል። ገነቴ ሃንዲሶ በዚህ ፍርድ ታምን ነበር፤ ያመነችበትም ማንም ስለነገራት ሳይሆን ብዙ ዓመት በገዛ ጆሮዋ ስለሰማች ነው።

ገነቴ በሀዲያ፣ ከሆመቾ ከተማ ዳር ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ ሕፃናትን ታስተምራለች። በዚያ የቃል ጥናት የተለመደ ነው፤ ልጆቹ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ይይዙና በጉባኤው ፊት ቆመው ይወጡታል፤ ወላጅም በእልልታ ይቀበላቸዋል። አንድ ጊዜ አንድ ሕፃን ስለ ይቅርታ የሚናገረውን ክፍል አንዲት ቃል ሳይስት ከወጣ በኋላ፣ ከመድረኩ ወርዶ ቦታውን የያዘበትን ልጅ በጥፊ አጮለው። ጉባኤው ሳቀ። ገነቴ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ አፍ ከልብ ቀድሞ ሲሮጥ ባየች ቁጥር ያ ጥፊ ትዝ ይላታል።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ለትምህርት ቤቱ ከሆሳዕና አዳዲስ መጻሕፍት መጡ። ተረት አይደሉም፤ የክፍል መማሪያም አይደሉም። ለልጆች ተብለው የተጻፉ ቀጫጭን የዕውቀት መጻሕፍት ናቸው፤ አንዱ ስለ ልብና ደም፣ አንዱ ስለ ንብ፣ አንዱ ስለ እሳተ ገሞራ፣ አንዱም ስለ አፈር ይናገራል። ሥዕላቸው ባለ ቀለም፣ ቋንቋቸው አማርኛ ነው። ገነቴ ሁሉንም መዝግባ፣ ማኅተም መትታ፣ መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደረቻቸው። በቤቱ ደንብ መሠረት እጅ ታጥቦ ይገባል፣ በአማርኛ ይነገራል፣ መጽሐፍም ከበሩ አልፎ አይወጣም። ይህን የመጨረሻውን ያወጣችው እሷ አይደለችም፤ የጠበቀችው ግን እሷ ናት። መጽሐፍ ቢጠፋ ተጠያቂው የተረከበው ሠራተኛ ስለሆነ፣ ደንቡን እንድትጠብቅ ማንም ሊያሳስባት አላስፈለገም። በአዲሶቹ መጻሕፍት ላይ ደግሞ አንድ የራሷን ጨመረች፤ እዚህ ማንም በቃሉ አያጠናም አለች።

ሮዳስ ጠና የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በየዕረፍቱ ትመጣ ነበር። ሁልጊዜ የምትጠይቀው ስለ አፈር የሚናገረውን መጽሐፍ ነው። መስኮቱ ሥር ትቆምና ጣቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ከዚያ ዐይኗን ጨፍና ትደግማለች። ገነቴ ይህን ምልክት ከሩቅ ታውቀዋለች። ሌላ መጽሐፍ ሰጠቻት፤ ልጅቱ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ በማግሥቱ ግን ወደ አፈሩ ተመለሰች። የንቡን መጽሐፍ አሞገሰችላት፤ «እሺ ቲቸር» አለችና አሁንም ወደ አፈሩ ሄደች።

ጥር ሲገባ የገነቴ ትዕግሥት አለቀ። መጽሐፉን ከልጅቱ እጅ ወስዳ ዘጋችና ያነበበችውን እንድትነግራት ጠየቀቻት። ሮዳስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ልክ እንደ እሑድ ልጆች፣ ወጣችው።

«ዝናብ በተራቆተ መሬት ላይ ሲወርድ የላይኛውን ለም አፈር አጥቦ ይወስዳል። የሣር ሥር ግን አፈሩን አቅፎ ይይዛል። ይህን በቤትህ ለማየት ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶችን በቁመታቸው ቅደድ...»

«በራስሽ ቃል ንገሪኝ» አለች ገነቴ።

ሮዳስ «ዝናብ በተራቆተ መሬት ላይ...» ብላ እንደገና ጀመረች።

«ለም አፈር ማለት ምን ማለት ነው?»

ልጅቱ ወለሉን አየች። ከአግዳሚ ወንበሩ አንዱ ተማሪ ሳቀ፤ ሌላው «በቀቀን» አለ። ገነቴ ተሳዳቢውን ገሠጸችው፤ በልቧ ግን ቃሉን አልተቃወመችም። መጽሐፉን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈችና፣ ሌሎቹን አንብባ ሳትጨርስ እሱን ዳግም እንደማታገኝ ለሮዳስ ነገረቻት። ሮዳስ በማግሥቱ አልመጣችም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጣችም። ገነቴ መቅረቷን አይታለች፤ የሰነፍ ኩርፊያ ነው ብላ አለፈችው።

የካቲት ላይ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ በጀርባዋ ያዘለች ሴት ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመች። ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ገነቴ ከለከለቻት። ሴትዮዋ በሀዲይኛ ሰላምታ ሰጥታ ሊሻን እንደምትባልና የሮዳስ እናት መሆኗን ተናገረች። ከዚያ ጭነቷን ሳታወርድ «ቀሪውን ልወስድ መጥቼ ነው» አለች።

«የምኑን ቀሪ?»

«የአፈሩን ነዋ። ልጄ ግማሹን አምጥታልን፣ ግማሹ እርስዎ ዘንድ ቀረ።»

ገነቴ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻት፤ ነገሩን ቀስ በቀስ ሰማች። በእነ ሮዳስ ቤት አማርኛ የሚያነብ የለም። መጽሐፉ ከትምህርት ቤት እንደማይወጣ ልጅቱ ታውቃለች፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የያዘችውን ያህል በአፏ ይዛ ትገባ ነበር። መጀመሪያ እንደተጻፈው በአማርኛ ትወጣዋለች፤ ይህን ካላደረገች መስመሩ ይጠፋባታል። ቀጥላ በሀዲይኛ እየፈታች ለእናቷና ለታናናሾቿ ታስረዳለች። ቤተሰቡም የሩቅ ዘመድ መልእክት እንደሚሰማ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማታል።

ያን መጽሐፍ የመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። መሬታቸው ተዳፋት ነው። ከእንሰቱ ጓሮ በታች፣ ማሳውን አቋርጦ፣ ዴሾ የሚባል የከብት መኖ ሣር የተተከለበት እርከን አለ። አባቷ አቶ ጠና የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ሣሩን ነቅሎ ድንች ሊተክልበት ቆርጧል። ሮዳስ መጽሐፉ ሣሩ አፈር ይይዛል እንደሚል ነገረችው። እሱም «መጽሐፉ ያሳየኝ» አለ። ልጅቱ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ቀደደች፤ አፈር ሞላች፤ በአንደኛው ላይ ሣር ነቅላ ሰካችበት፤ ውሃ አፈሰሰች። ከሁለቱም የወጣው ያው ቀይ ጭቃ ነበር።

«አባቷ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ» አለች ሊሻን። «‹ውሃው መጽሐፉን አላነበበም› ይላታል። እሷ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ነበር፣ እሱን ሳልይዘው ተወሰደብኝ ትላለች። ሰውዬው ቅዳሜ መቆፈር ይጀምራል። እኔ በማንም አልፈርድም፤ ገጹን ግን ይስጡኝ።»

ገነቴ ለራሷ ጥብቅና ቆመች። ልጅቱን እንደጠየቀቻት፣ መልስ እንዳልነበራት፣ ያልገባትን በቃሏ እንዳትይዝ ለራሷ ጥቅም እንደከለከለቻት አስረዳች።

«በምን ቋንቋ ጠየቋት?» አለች ሊሻን።

«በአማርኛ። ደንቡ ነው።»

«እርስዎ የዚሁ የሆመቾ ልጅ አይደሉ?»

ገነቴ ተነሥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ልጅቱ ያላገኘችውን ገጽ ቆማ አነበበች። እንዲህ ይላል፦ «የተነቀለ ሣር አትትከል። ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ ቆርሰህ አስገባ፤ ካልሆነም ዘር ዘርተህ ሥር እስኪሰድ ጠብቅ። ሥር ያልያዘ ሣር አፈር አይዝም።» በሥዕሉ ላይም የሣሩ ሥር በጠርሙሱ ጎን ነጭ ክር መስሎ ይታያል።

ይህን በሀዲይኛ ተርጉማ ለሊሻን መንገርና መሸኘት ትችል ነበር፤ ደንቡም አይነካም ነበር። ነገር ግን ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አንድ ጊዜ ጎድሏል። ሁለተኛ እንዲጎድል መፍቀድ ደግሞ ከእንግዲህ ስሕተት አይባልም።

ርእሰ መምህሩ ቸኮል በዕድሜ ከእሷ ያንሳል። አባቱ ከጎጃም ለሹመት መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ በደንብ ጉዳይ ግን ወዲያና ወዲህ የማይል ሰው ነው። ገነቴ የአፈሩን መጽሐፍ ወደ አንድ ገበሬ ቤት እንዲወጣ እንዲፈቅድላት ስትጠይቀው መነጽሩን አወለቀ።

«ምን፣ መጽሐፉ ለምስክርነት ተጠራ?»

«አዎ» አለች ገነቴ ሳትስቅ።

ጉዳዩን አዳመጠ። ደንቡ በእሱ ሥልጣን ብቻ እንደማይሻር ነገራት፤ የጠፉ መጻሕፍትን ታሪክም አነሣባት። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ «ብቻውን አይወጣም። እርስዎ ይዘውት ይውጡ፣ እርስዎው ይዘውት ይመለሱ። ጠባቂው አብሮ ከሄደ ንብረቱ ከጥበቃ ወጣ አይባልም።»

ቅዳሜ ጠዋት ገነቴ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ሥር ይዛ ሄደች። አቶ ጠና ዶማውን ይዞ ከእርከኑ የላይኛው ጫፍ ጀምሮ ነበር፤ የተገለበጠው ሣር ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተጋድሟል። ሮዳስ ገነቴን ስታይ ከእንሰቱ ኋላ ተከለለች። ገነቴ ጠራቻት፤ መጽሐፉን ከፌስታሉ አውጥታ በአባቷ ፊት በልጅቱ እጅ ላይ አኖረችው። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ፣ አሁን ግን በሀዲይኛ፣ ጠየቀቻት፦ ለም አፈር ምንድን ነው?

ሮዳስ ቁጢጥ አለች። እናቷ አመድና እበት ከምትደፋበት ከእንሰቱ ሥር አንድ እፍኝ ጥቁር አፈር አነሣች፤ ከተዳፋቱ ደግሞ አንድ እፍኝ ቀይ። የትኛው እንደሚላላ፣ የትኛው ውሃ እንደሚይዝ፣ ትሉ ለምን በአንደኛው ውስጥ እንጂ በሌላው እንደማይገኝ ተናገረች። የቀዩ መሬት ጥቁር አፈር ወዴት እንደሄደ ለማሳየት እጇን ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ፣ ዘረጋች። ረጅም ተናገረች፤ አንዷንም ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፉ አልተዋሰችም። ገነቴ አላቋረጠቻትም። ጥር ላይ ልትጠይቃት የሚገባው በዚህ መንገድ ነበር፤ ይህን ለመገንዘብ የሌላ ሰው ምክር አላስፈለጋትም።

ከዚያ ልጅቱ የቀረውን ገጽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። አባቷ ዶማውን ተደግፎ ሰማ። ታናሽ እህቷ ከነአፈሩ የተቆረሰ ሣር አመጣች፤ ሃይላንዶቹ ተሞሉ። ሮዳስ አፈሰሰች። ከተራቆተው አፈር የወረደው ውሃ እንደ ፊተኛው ቀይ ጭቃ ነበር። ከሣሩ በኩል የወጣው መጀመሪያ ደፍረስ አለ፤ ከዚያ እየጠራ፣ እየቀጠነ ወረደ።

አቶ ጠና የውሃውን ጀሪካን ተቀበላት። ራሱ አፈሰሰ፤ ጨምሮ፣ አብዝቶ፣ ሊያሸንፈው እንደሚፈልግ ሰው አፈሰሰ። ውሃው እንደ ጠራ ቀረ።

«ዛሬስ አንብቧል» አለ።

ሊሻን ሣቀች፤ ሮዳስ ግን ወደ ተቆፈረው ጫፍ አየች። እሱንም መልሶ እንዲተክለው ጠየቀችው። አባቷ የቆፈረውን እንደቆፈረ፣ ድንችም እንደሚያስፈልግ፣ የቀረውን እርከን ግን በዶማ እንደማይነካው ነገራት። ልጅቱ አልረካችም፤ ስለ ድንቹ ጫፍም የሚለው ነገር እንዳለ ልፈልግ ብላ መጽሐፉን ገለጠች።

ገነቴ መሄጃዋ ደረሰ። መጽሐፉን ይዛ መመለስ ነበረባት፤ ቃሏን ሰጥታለች። ልጅቱ ደግሞ ጭኗ ላይ ዘርግታ ታነባለች፤ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፤ በቃሏ ለመያዝ የምትቸኩልበት ምክንያት ስለሌላት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ትገልጣለች። ገነቴ ይህን አየችና ፌስታሉን አጣጥፋ አጠገቧ አስቀመጠችላት፤ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቸኮል ገብታ ያደረገችውን ነገረችው፤ ተጠያቂነቱንም በራሷ ላይ አደረገች። እሱ በመጀመሪያ ተቆጣ። ተቆጥቶም ሳይጨርስ ገበሬው ምን እንዳለ ጠየቃት፤ ስለ ውሃው ንግግር ሲሰማ ቁጣውን ሊቀጥልበት አልቻለም። በመምህራን ስብሰባ ላይ ብዙ ክርክር ተደርጎ፣ ከመጋቢት ጀምሮ መጻሕፍቱ ዓርብ እየወጡ ሰኞ እንዲመለሱ ተወሰነ። ስለ ልብና ደም የሚናገረው መጽሐፍ ቅቤ ነክቶት ተመልሷል። የእሳተ ገሞራው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሌሎቹ ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ። በቤተ መጻሕፍቱም ተማሪ ያነበበውን በየትኛውም ቋንቋው ይናገራል፤ ጩኸቱ በዝቷል፤ ገነቴም አልወደደችውም፤ ግን አልከለከለችውም።

በቃል መያዝ ደካማ ዕቃ ነው፤ በመንገድ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ገጽ አፍስሷል፤ ስለዚህ የገነቴ ፍርድ ሙሉ በሙሉ አልወደቀም። የወደቀው ፍርዱን የተጠቀመችበት መንገድ ነው፤ በር የተዘጋበትን ሰው በመስኮት ለምን ገባህ ብላ ቀጥታለችና። ሮዳስ ምስጋና አላገኘችም፤ ያስፈልጋታልም አልልም። ለእሷ ይገባት የነበረው መጽሐፉ ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ፣ በቤቷ፣ ከመስከረም ጀምሮ።