አባዬና የመጨረሻው ዙር

አባዬ የሚሞተው በምን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ ማንም አይጠራጠርም ነበር። በአሥር ሺህ ሜትር ነው።

ልቡን ያመዋል። ሐኪሙ፣ «መምህር፣ የሚያስደነግጥዎ፣ የሚያናድድዎ ነገር ሁሉ ይቅርብዎ፤ ሩጫም ቢሆን» ሲለው እማዬ እፎይ አለች። ይኸው ሐኪም ግን ልንወጣ ስንል፣ «ለመሆኑ የዘንድሮው ፍጻሜ መቼ ነው አሉ?» ብሎ አባዬን አይጠይቀው መሰላችሁ! አባዬም ቀኑንም ሰዓቱንም ነገረው። እኔ በንዴት እርር አልኩ።

አባዬ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም አርባ ምንጭ ቀረ። ራሱ ሮጦ አያውቅም፤ ባጃጅ ሊያመልጠው ሲል እንኳ አይሮጥም። ሯጮቻችንን ግን የወለዳቸው ያህል ይቆጣቸዋል። ከወርቅ ሌላ ሜዳሊያ አይቆጠርለትም። «ነሐስ ለማምጣትማ ባሕር ማዶ ምን አስኬደው? እዚሁ ሴቻ ዳገት ላይ አይሮጥም ነበር?» ይላል። እሱ ብቻ ቢሆን እብደቱን እንተውለት ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ግን እንደዚያው ነው። ወርቅ ሲመጣ ሯጩ «የኛ ልጅ» ነው፤ ሁለተኛ ሲወጣ «ያ ልፍስፍስ» ይሆናል። በማግስቱ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ሰው ሲገናኝ «እግዜር ያጽናን» ሲባባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቀደም ብሎ በነበረው የዓለም ሻምፒዮና የአገራችን ሯጭ መጨረሻው ላይ ሲቀደም አባዬ ብድግ ብሎ፣ «ምነው! ምነው!» እያለ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ስንወስደው ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ተረፈ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ኦሎምፒክ ደረሰ ሲባል መጀመሪያ የምፈልገው ሐኪሙ ያዘዘለትን ኪኒን ነው።

«ቴሌቪዥኑን እንደብቀው» አልኳት እማዬን።

«እሱን ደበቅሽ፤ ሰፈሩንስ የት ትደብቂዋለሽ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በኛ ሰፈር ውጤት በጆሮ ይታወቃል። ካሸነፍን ከየቤቱ እልልታ ይወጣል፤ ከተሸነፍን ሁሉም ጭጭ ነው። አባዬ ጓዳ ተቀምጦ ያን ዝምታ ከሚያዳምጥ፣ አጠገባችን ሆኖ ቢያይ ይሻላል ተባባልን።

ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ የተቀቀለ በቆሎውን ይዞ ቤታችንን ሞላው። ከኦቾሎ የመጣው ሸማኔ ጎረቤታችንም ሥራውን አቁሞ ከፊት ተቀመጠ። አባዬን እማዬ በቀኝ፣ እኔ በግራ ያዝነው። ምላስ ሥር የሚደረገው ኪኒኑ መዳፌ ውስጥ ነው፤ ብልቃጡ በላቤ ረጥቧል። ሩጫው ሲጀመር ሰው ሁሉ ወደ ስክሪኑ፣ እኔ ወደ አባዬ አንገት። እዚያች ጋ ያለችው ደም ሥር እየዘለለች ነው።

«አባዬ፣ ተረጋጋ እንጂ» አልኩት።

«ዝም በይ! ያ ኬንያዊ ምን እያሰበ እንደሆነ አታይም?»

የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። የኛ ልጅ ከፊት ነው፤ ኬንያዊው ከኋላው ተለጥፏል። አባዬ ከወንበሩ ተነሣ። ልክ በዚያች ቅጽበት መብራት ድርግም አለ።

«ወይኔ!» አለ ቤቱ በሙሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ ውጪ ጣለ። መብራቱ የጠፋው ግን በሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ማንም ያየ ስለሌለ ከየትም ድምፅ አልመጣም። አባዬ ይህን አላሰበውም። ለእሱ ዝምታ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ተበላን» አለ። እጁ ወደ ደረቱ ሄደ።

«አባዬ፣ መብራት ጠፍቶ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። ፊቱ አመድ መሰለ። ብልቃጡን ልከፍት ብል ክዳኑ አልዞር አለኝ። በቃ፣ ቀኑ ዛሬ ነው አልኩ።

«እልልልልል!»

እማዬ ናት። መቼ እንደተነሣች አላየኋትም፤ በሩ ላይ ቆማለች። «ወርቅ ነው! አሸነፍን!»

በምን አወቅሽ ያላት የለም። ከአጥር ማዶ አንዷ ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሌላዋ፤ ወዲያው ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ሸማኔው እያለቀሰ አባዬን ሳመው። አባዬ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። «ብያለሁ እኮ!» አለ። እማዬ ዞር ስትል ዐይን ለዐይን ተጋጨን፤ ስትንቀጠቀጥ ሳያት ገባኝ። ምንም አልሰማችም። በሕይወቴ መብራት እንዳይመጣ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲፈልጉት የማይመጣ መብራት፣ መጣ! ስክሪኑ ላይ ኬንያዊው ባንዲራውን ለብሶ ይዞራል። የኛ ልጅ መሙ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኗል። ሦስተኛ ነው። የውጪው እልልታ በየቤቱ እየተቆረጠ ሄደ።

«ልፍስፍስ! አዋረደን!» አለ ሸማኔው።

እኔና እማዬ ግን የምናየው አባዬን ነው። ኪኒኑን ምላሱ ሥር ላደርግለት እጄን ዘረጋሁ። እጄን አየ፤ ከዚያ እማዬን።

«ለኔ ብለሽ ነው?» አላት።

እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ወደኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? ልጁ ቀድሞ ወጥቶ ነው የደከመው?»

ፍርሃቴ ሁሉ ንዴት ሆኖ ወጣ። «እኔ ምን አውቄ! ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሩጫ አላየሁም! አንተን ነው የማየው! እማዬም አንተን ነው የምታየው!»

ጎረቤቱ አቀረቀረ። አባዬ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ልጁ አሁንም እዚያው ተቀምጧል፤ አጠገቡ ማንም የለም። አሁን ይሰድበዋል ብዬ ጠበቅሁ። አባዬ እጄን ሳብ አድርጎ ያዘኝና፣ ከእማዬና ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣

«ቅድም ደረቴን ስይዝ እኔም ፈርቼ ነበር» አለ።