ሞንጎሉ የፈረስ ስም ሲወጣለት

ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለችው ሱቄ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ እሸጥ ነበር፤ አሁንም እሸጣለሁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ትቼ የቀረውን ያገኘሁትን እያነበብኩ የተማርኩ ሰው ነኝ። አብዛኛው መጽሐፌ ሽፋኑ የተገነጠለ ነው፤ አንዳንዱም መጨረሻው የለም። መጨረሻ የሌለውን ራሴ እጨርሰዋለሁ። ዚፕ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ወሬዬን ሰምቶ ዚፑን ረስቶ የሚሄደው ለዚህ ነው። ስለ ሞንጎሎች ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ አንድም ወሬ አልነበረኝም። ያመጣችልኝ የወንድሜ ልጅ ናት።

ልጅቷ ከአራት ኪሎ በኮምፒውተር ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከሱቄ በላይ ያለችውን፣ ደረጃዋ በወጡ ቁጥር የሚያቃስተውን አንድ ክፍል ተከራይተው እዚያ ቁጭ ብለው ይውላሉ። አንድ ቀን እየሮጠች ወረደችና ባንኮኒዬ ላይ ተደፍታ፦

«አክስቴ፣ ሥራ ተገኘ! ጌም ነው። ሞንጎል ነው!» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች አንድ ጨዋታ ሠርተዋል። ጨዋታው በጥንት ዘመን የነበረውን የሞንጎሎች ድል አድራጊ ወስዶ ተረት ያለብሰዋል። ሰውየው አገር ብቻ አይደለም የሚያስገብረው፤ የየአገሩን ነፋስ ነው። ያሸነፈውን ነፋስ በዘንጉ ላይ ከታሰረ ነጭ የፈረስ ጭራ ጋር ይቋጥረዋል። ዘጠኝ ነፋስ ሲቋጥር ዓለም የእሱ ይሆናል። አማካሪው የሚናገር ንስር ነው፤ ፈረሱ ደመና ላይ ይጋልባል። የእኛዎቹ ልጆች ሥራ ደግሞ ይህን ሁሉ አማርኛ ማናገር ነው። ባለቤቶቹ «መጀመሪያ አንዱን ምዕራፍ ብቻ አዘጋጁ። ተጫዋቾች ይሞክሩትና ሙሉው በአማርኛ ቢወጣ ይጫወቱት እንደሆነ በወረቀት ይመልሱ። መልሱን አይተን ሙሉውን እንሰጣችኋለን ወይም እንተወዋለን» ብለዋቸዋል።

ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ወንድሜ ግን አለ።

ወንድሜ በዐሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ዕድሜውን ሙሉ አትክልት ተራ ነግዷል፤ ገበያው ከተነሣ ወዲህ ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ትንሽ አትክልት ቤት ከፍቷል። ለልጁም አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ፋይል የምታደራጅበት ቦታ አግኝቶላታል። የሚያውቀው ሰውዬ ቦታውን እስከ ሰኞ ድረስ ይዞ ይጠብቃታል።

«ጨዋታ ሥራ ነው እንዴ?» ይላታል። «ጨዋታ እኮ ከሥራ በኋላ ነው!»

«አባዬ፣ እኔ አልጫወትም እኮ፤ የምሠራው ነኝ።»

«እሺ፣ ሌላው ይጫወታል፣ አንቺ ታያለሽ። ይሄማ ባሰ!»

በመጨረሻ ተስማሙ። ሙከራው ቅዳሜ ነው። ሙሉው ሥራ ከተሰጣቸው አባት ይተዋታል፤ ካልተሰጣቸው ግን ሰኞ መሥሪያ ቤቱ ትገባለች። ልጅቷ እንዲህ ብላ ቃሏን ስትሰጥ ፊቷን አይቼዋለሁ። ፋይል ቤት ከምትገባ ያንን ሞንጎል ብታገባ ትመርጥ ነበር።

ከቅዳሜው በፊት ረቡዕ ዕለት፣ ለራሳቸው ያህል ሊሞክሩት ወደ ሰፈራችን ጌም ቤት ይዘውት ሄዱ። እኔም ሱቄን ቆልፌ ተከተልኳቸው። ጌም ቤቱ ጠባብ ነው፤ ወጣቶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ጆይስቲኩን እየተቀባበሉ ይጫወታሉ። መብራቱን አጠፉ። ስክሪኑ ላይ ሰፊ ሜዳ መጣ፤ ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! አንድ ድንኳን ታየ፤ ከውስጡ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ልጆቹ አስመጥተው የቀዱት ተዋናይ በዚያ በከበደ ድምፁ፦

«በዚያች ጠዋት፣ በእጁ ደም ጨብጦ፣ ካን ተወለደ!» አለ።

ካን ማለት ሞንጎሎች ለጌታቸው የሚሰጡት ማዕረግ ነው። በጨዋታው ውስጥ ሰውየው ሌላ ስም የለውም፤ የእውነት ስሙ የሚነገረው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው አሉ።

ከዚያ ከአግዳሚው ጫፍ አንዱ፣ «ቆይ፣ ምን አለ? ካንተ ወለደ?» አለ።

አለቀ። ቤቱ ተገለበጠ።

«አንተ! ካንተ ወለደ እያሉህ ነው!»

«እኔ ሞንጎል ረግጬ አላውቅም፣ በእናቴ!»

«ልጁ ደም ጨብጦ ነው የመጣው፤ ቀለብ ቁረጥ ብዬሃለሁ!»

ልጅቷ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ይበርድ ይሆናል ብለን ጠበቅን። ሕፃኑ አደገ፣ ጦሩ ተሰበሰበ፣ ሺህ ፈረሰኛ ዘንግ እያነሣ፣ «ካን ተነሣ! ካን ተነሣ!» እያለ ሊጮህ ግድ ነው።

«ካንተ ነሣ? ምኔን ነው የነሣኝ?» አለ ያው ልጅ፤ ብድግ ብሎ ኪሱን እየዳበሰ። «ጎበዝ፣ ስልኬን እዩልኝ!»

ከዚያ ወዲህ ድል አድራጊውን ያየው የለም። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሳቅሁ። የልጅቷን ዓይን ሳይ ነው ያቆምኩት።

ክፍላቸው ሲመለሱ ሦስቱም እንደ ለቀስተኛ ተቀመጡ። «መቶ ጊዜ አንብበነዋል እኮ!» ትላለች ልጅቷ። እሱ ነዋ ችግሩ። አነበቡት እንጂ አልሰሙትም። ወረቀት ላይ በ«ካን» እና በ«ተወለደ» መሃል ክፍተት አለ፤ ጆሮ ግን ክፍተት አያይም። አራዳ ጆሮ ደግሞ ጭራሽ!

«በቃ ንጉሥ እንበለው» አለ አንደኛው ጓደኛዋ።

ሞከሩት። የሕፃናት ተረት ሆነ። «አፄ» አሉት፤ ሞንጎሉ ወዲያው የጎንደር ሰው መሰለ። «አለቃ» ሲሉትማ የግንበኞች አለቃ ሆኖ አረፈው። ጦሩ ጌታውን የሚጠራበት፣ አፍ የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል። ረቡዕ እንዲህ መሸ።

ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ ይዞ መጣ። ደረጃው አቃሰተ።

«ጉርድ ፎቶሽን አምጪ፤ እዚህ ላይ ይለጠፋል» አላት።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ?» አልኩት።

«ቅዳሜ ቢደርስም ፎቶ አያረጅም።»

ልጆቹ ተነሥተው ወንበር ሰጡት። «ይቀመጡ ጋሼ።» ተቀመጠና የማያየውን መስሎ ስክሪኑን አየ። ልጅቷ ፈረሰኛውን ታስጋልባለች።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«ካን ነው አባዬ። የሞንጎሎች ጌታ።»

«ፈረሱስ?»

«ፈረሱ… ፈረስ ነው።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «ፈረስ ነው ትለኛለች! ይህን ሁሉ አገር አስገብሮ ፈረሱ ስም የለውም? ታዲያ ወታደሩ ጌታውን በምን ይጠራዋል?»

«ካን ይሉታላ።»

«እንዲህ ፊት ለፊት? የተፈራ ሰውማ በፈረሱ ነው የሚጠራው። አባ እገሌ ነው የሚባለው። አክስትሽ ይህን ሁሉ ስታወራ አልነገረችሽም?»

አፈርኩ። የድሮ መኳንንት በፈረስ ስማቸው እየተጠሩ ሲፎከርላቸው ስንቴ አውርቻለሁ! ለሞንጎል ግን የፈረስ ስም ይወጣለታል ብሎ ማን ያስባል? ሦስቱ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ።

«አባ ነፋስ!» አለች የወንድሜ ልጅ።

«አባ ደመና ይሻላል።»

«አባ ቱርቦ!»

«ዝም በል አንተ!»

በዚህ መሃል ፈረሱ አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ደርሶ ቆሟል፤ ልጅቷ ስም ስታወጣ ጆይስቲኩን ረስታዋለች። ወንድሜ ከወንበሩ ተነሣ።

«ምን ትገትሪዋለሽ! ዝለቅ በይው እንጂ! ዝለቅ!»

ይህቺን ድምፅ አውቃታለሁ። አትክልት ተራ ሽንኩርት የተሸከመ ሰው ግርግሩ ውስጥ ሲቆምበት፣ ወንድሜ ከኋላ ሆኖ «ዝለቅ! ዝለቅ!» ይል ነበር፤ ገበያው ለሁለት ተከፍሎ ያሳልፋል። ልጅቷ ደንግጣ ቁልፉን ተጫነችው። ፈረሱ ወንዙን ሰንጥቆ ማዶ ወጣ።

ከዚያ ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «አባ ዝለቅ» አለች።

«አባ ዝለቅ!» አልን ሁላችንም።

ወንድሜ የሆነው አልገባውም። «ቅጹን እዚህ ትቼልሻለሁ» ብሎ ወረደ።

ሐሙስና ዓርብ እንቅልፍ አልነበረም ብል ማጋነን ነው፤ ምሳ ግን አልነበረም። ተዋናዩ ተመልሶ መጣ። ልጆቹ የጻፉትን እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብኩ፣ እነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር። «ካን» ከ«ተ» እና ከ«ቺ» አጠገብ እንዳይደርስ ተከለከለ። «ካን መጣ» ይባላል፤ «ካን ተመለሰ» አይባልም። ደንበኞቼ ከታች «ሴትዮዋ የት ገባች?» እያሉ ሲጣሩ፣ እኔ ላይ ሆኜ ለሞንጎል ጦር እፎክራለሁ።

ቅዳሜ ጌም ቤቱ ሞላ። የረቡዕ ቀልደኞች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሌላ ሰው ይጠራ ብለን ነበር፣ «ያለ እኛ አይጀመርም» ብለው መጡ። መብራት ጠፋ። ሜዳው መጣ፣ ድንኳኑ መጣ፣ ሕፃኑ አለቀሰ።

«በዚያች ጠዋት በእጁ ደም ጨብጦ ተወለደ። እናቱ ልጄ አለችው። ጠላቶቹ ግን ስሙን ለመጥራት ፈሩ፤ በፈረሱ ጠሩት። አባ ዝለቅ!»

ያ ኪሱን የዳበሰው ልጅ አገጩን እያሻሸ ሲያስብ አየሁት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ በሩ በእጁ እያሳየ ጎንበስ አለና፦

«አባ ዝለቅ! ቤት ለእንግዳ፣ ይዝለቁ!» አለ።

ቤቱ እንደገና ሳቀ። የወንድሜ ልጅ ጆሮዬ ሥር፣ «አክስቴ፣ አለቀልኝ» አለች። እኔም አለቀላት ብያለሁ።

ግን ሳቁ ቆመ። ፈረሱ የመጀመሪያው ቅጥር ፊት ደረሰ። ጆይስቲኩን የያዘችው ልጅ አመነታች፤ ያ ቀልደኛ ከኋላዋ «ዝለቅ!» አለ። ጎኑ ያለው ደገመው። ፈረሱ ቅጥሩን ሲዘል አግዳሚው በሙሉ «ዝለቅ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ወንዝ በመጣ ቁጥር፣ ተራራ በመጣ ቁጥር፣ ያ ጠባብ ቤት በአንድ አፍ ይጮሃል። ከመንገድ ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ አንገቱን እያስገባ ያያል። የመጀመሪያው ነፋስ የፈረስ ጭራው ላይ ሲቋጠር ያጨበጨቡትማ የዋንጫ ጎል የገባ ነበር የሚመስለው።

ተጫዋቾቹ የሞሉትን ወረቀት ባንኮኒዬ ላይ ዘርግተን አነበብነው። ከሁለት ሰው በቀር ሁሉም «እጫወታለሁ» ብለዋል። ከሁለቱ አንዱ ኳስ ጨዋታ ብቻ ነው የምወደው አለ፤ ሌላው ባዶውን ነው የመለሰው። አንዱ ደግሞ «ለንስሩም ስም አውጡለት፣ ቅር ይለዋል» ብሎ ጽፏል። ልጆቹ ሁሉንም ተርጉመው ላኩት።

እሑድ ልጅቷ ስልኳን ከእጇ አላወረደችም። ሰኞ በጠዋት፣ ወንድሜ ቅጹን ሊወስድ መጥቶ፣ ተቀብሎ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሳለ መልሱ መጣ። ልጅቷ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። ሙሉውን ሥሩ ይላል፤ የፈረሱንም ስም እንዳትለውጡ ይላል።

«ሙሉውን?» አላት።

«ሙሉውን፣ አባዬ። ከዓመት በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው።»

«በወረቀት ይፈራረማሉ?»

«ይፈራረማሉ።»

ወንድሜ ሌላ አልጠየቃትም። ቅጹን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና በእግሩ ወደ አራት ኪሎ ወጣ። ሰውየውን ቢሮው ድረስ ሄዶ አመሰገነው፤ «ልጄ ሥራ ስላገኘች ቦታውን ለሌላ ሰው ስጥ» አለው። ከዚያ ተመልሶ አትክልት ቤቱን ከፈተ።